ልጆቻችንን የት እናስተምር?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ ድልድይ መሠረት ወይም ስለ አስፋልት ንጣፍ እንድናገር ታዝዤ ቢሆን ኖሮ የዕለት ሥራዬ ነውና ብዙም ባልተጨነቅሁ ነበር። የጉባኤው አዘጋጆች የሰጡኝ ርእስ ግን ከሙያችን ክልል የወጣ ቢመስልም፣ ልጅ ወልዶ ወደ መስክ የሚሠማራ ማናቸውም ባልደረባችን ከትዳር ጓደኛው ጋር ሳይመክርበት የማያድር ጉዳይ ነው። ይኸውም ልጆቻችንን በመንግሥት ትምህርት ቤት እናስተምራቸው ወይስ በቤታችን የሚለው ነው። እኔ የሥነ ትምህርት ሊቅ አይደለሁም። የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ካለፉት 10 ዓመታት ውስጥ ሰባቱን ያሳለፍሁት በመንገድ ሥራ ካምፖች ነው። የምናገረውም ከዚሁ ኑሮ ያገኘሁትን ነው።

ነገሩን በግልጽ ለማስቀመጥ ያህል፣ አንድ መሐንዲስ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ ፕሮጀክት ሲመደብ በፊቱ ሦስት መንገዶች ይቀርቡለታል። ቤተሰቡን በከተማ ትቶ በየሁለት ወሩ እየተመላለሰ መጠየቅ፤ ወይም ቤተሰቡን ይዞ ሄዶ ልጆቹን በአቅራቢያው ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ማስገባት፤ ወይም ደግሞ ይዞ ሄዶ በካምፑ ቤት ውስጥ ማስተማር። ስለ መጀመሪያው ብዙ አልናገርም። ልጁን በስልክ የሚያሳድግ አባት በመካከላችን ስንት እንዳለ እያንዳንዳችን እናውቀዋለን። የግል ትምህርት ቤትን ያላነሣሁት ረስቼው አይደለም፤ እኔ በሠራሁባቸው ትናንሽ ከተሞች የግል የሚባለው ከመዋዕለ ሕፃናት የሚያልፍ አልነበረምና ነው።

በቤት የማስተማር ሐሳብ ከየት እንደሚመነጭ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ይኸውም ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ በተደረገበት በመጀመሪያው ፈተና፣ ከ896,520 ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይህም በመቶ ሲሰላ 3.3 መሆኑ ነው። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ቍጥር ከ1,100 በላይ ነበር። በሙያችን እንዲህ ያለ ውጤት የሚያሳይ የኮንክሪት ናሙና ቢገጥመን ሥራው ወዲያውኑ ይቆማል። ትምህርት ቤትን ግን ማቆም አይቻልም፤ ልጆቹ በየመስከረሙ ይመጣሉ። እንግዲህ ሒሳብና ፊዚክስ የተማረ፣ እንግሊዝኛ አንብቦ የሚረዳ ወላጅ «ከዚህስ እኔው ባስተምረው ይሻላል» ቢል የሚፈረድበት አይሆንም።

ሐሳቡ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት የመኳንንቱ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩትና ዳዊት የሚደግሙት ብዙ ጊዜ ለቤቱ በተቀጠረ መምህር እጅ ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ልማድ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ቅኔና ዜማ ሊማር የተነሣው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ አገር ይርቅ ነበር። የሚርቀውም መምህር በአቅራቢያው ስለሚያጣ ብቻ ሳይሆን፣ ከእናት ጓዳና ከዘመድ አዝማድ መለየት ለትምህርት ይበጃል የሚል እምነት ስለ ነበረም ጭምር ነው። እነዚህ ሁለት ልማዶች እስከ ዛሬም አብረውን አሉ። በከተማ ልጁን ትምህርት ቤት እያስገባ በማታ ደግሞ አስጠኚ የሚያመጣ ደመወዝተኛ ብዙ ነው። እኔም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ለሻይና ለፎቶ ኮፒ የሚሆነኝን ገንዘብ ያገኘሁት የሰው ልጆች በማስጠናት ነበር። ሳንሰይመው የኖርነው ግማሽ የቤት ትምህርት በብዙዎቻችን ቤት አለ ማለት ነው።

ከባሕር ማዶ የሚመለሱ ባልደረቦቻችን የአሜሪካን ምሳሌ ማንሣት ይወዳሉ። እውነት ነው፤ በዚያ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1993 ወዲህ በ50ውም ግዛቶች ወላጅ ልጁን በቤቱ ቢያስተምር ሕግ አይከለክለውም፤ የሚጠየቀው ማስረጃና የሚደረግበት ቁጥጥር ግን ከግዛት ወደ ግዛት ይለያያል። በአንጻሩ ጀርመን ልጅ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ታስገድዳለች። በሃይማኖታቸው ምክንያት ልጆቻቸውን በቤት ለማስተማር የፈለጉ ጀርመናውያን ወላጆች እስከ ስትራስቡርግ፣ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ድረስ አቤት ቢሉም፣ በ2006 አቤቱታቸው ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቷል። የእነርሱ ክርክር ልጁ የማን ነው፣ የወላጅ ሥልጣንስ የት ላይ ያቆማል በሚለው ላይ ነው። የእኛ ግን መጀመሪያ የሚያጠግብ ትምህርት ከየት ይገኛል የሚል ስለ ሆነ ከሁለቱም መልስ መዋስ አይቻልም።

ይልቅስ በአገራችን ሰው ሁሉ ሳይወድ በግድ የቤት አስተማሪ የሆነበትን ጊዜ ማስታወስ ይጠቅመናል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ደረጃ በደረጃ መከፈት የጀመሩትም ከሰባት ወር በኋላ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ የእኔ ልጅ ለትምህርት ስላልደረሰች ነገሩን የታዘብሁት በእኅቴ ቤት ነው። የልጆቿ ትምህርት ቤት የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልክ ነበር፤ እርሷና ባሏም እየተፈራረቁ ያሠሯቸው ነበር። ልጆቹ ብዙ ወደ ኋላ አልቀሩም። በዚያው ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት ልጅ ግን የ3ኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ወላጆቹ ማንበብ የማይችሉ፣ ስልካቸውም ከመደወል በቀር የማይሠራ ስለ ነበረ ሰባት ወር ሙሉ ደብተሩን አልገለጠም። ከአንድ የውኃ ቧንቧ የሚቀዱ ሁለት ቤቶች ነበሩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በመካከላቸው የጋራ የሆነ ምንም ነገር አልቀረም።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቤተሰቤን ይዤ በኦሮሚያ ወደሚገኝ አንድ የመንገድ ፕሮጀክት ሄድሁ። ሴት ልጄ ያን ጊዜ 7 ዓመቷ ነበር። በአቅራቢያችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ እርሷ ከአማርኛ በቀር የምትሰማው ቋንቋ አልነበራትም። ስለዚህ በቤት እንድትማር ተስማማን። የአዲስ አበባን የ1ኛ ክፍል መጻሕፍት ከኢንተርኔት አውርደን፣ አሳትመን አስጠረዝናቸው። ባለቤቴ በሙያዋ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዳ ስለ ነበረ አስተማሪነቱ የእርሷ ሆነ። ከጧቱ 2፡30 እስከ 5፡30 ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ የሚል ሰሌዳም በግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ውጤቱ በብዙ በኩል የሚያስደስት ነበር። አንድ ልጅና አንድ አስተማሪ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ጊዜ አይባክንም፤ ስም መጥራት የለ፣ ጠመኔ ፍለጋ የለ፣ ዝም በሉ ማለት የለ። ልጅቱ እስከ ጥር ወር ድረስ አማርኛን ሳትንተባተብ ማንበብ ቻለች፤ ሒሳቡንም ከመጽሐፉ ቀድማ ሄደች። ይህን የምናገረው የቤት ትምህርት አይሆንም ብዬ ለመደምደም እንዳልተነሣሁ እንድትረዱልኝ ነው። ይሆናል። የሚጎድለው ሌላ ነው።

አንድ ምሽት የፕሮጀክታችን ቀያሽ ለቡና ቤታችን መጥቶ ልጅቱን በጨዋታ መልክ «ከ52 ላይ 27 ሲቀነስ ስንት ይቀራል?» ብሎ ጠየቃት። በየጧቱ የምትሠራው ዓይነት ሒሳብ ነበር። ልጅቱ ግን ቀያሹን ትታ ወደ እናቷ ዞረች፤ ባለቤቴም በዚያን ጊዜ ጀበናውን ልታነሣ ጀርባዋን ሰጥታ ነበርና መልሱ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ስናስተውል ነገሩ ገባን፤ ባለቤቴ ልጅቱ ወደ ስሕተት ስትሄድ ቅንድቧ ከፍ ይላል፣ ስትመታው ፊቷ ይፈታል፤ ልጅቱም ከመልሶቹ ብዙዎቹን የምታነበው ከወረቀቱ ሳይሆን ከእናቷ ፊት ኖሯል። ይህ የአስተማሪዋ ድክመት አይደለም፤ የአሠራሩ ጠባይ ነው። እኛ መሐንዲሶች ሥራ ተቋራጭ የራሱ ተቆጣጣሪ እንዳይሆን በውል የምናስገድደው፣ የኮንክሪቱንም ኪዩብ በ7 እና በ28 ቀን በሌላ ሰው ፊት የምንሰብረው ተቋራጩ ሁሉ አታላይ ስለ ሆነ አይደለም። የሠራ ሰው የሠራውን በባዕድ ዓይን ማየት ስለሚሳነው ነው። በቤት የሚያስተምር ወላጅ ደግሞ ተቋራጭም ተቆጣጣሪም አሠሪም ራሱ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ባልንጀራ ነው። ካምፕ የአዋቂዎች መንደር ነው። ልጅቱ ከጥበቃው፣ ከምግብ አብሳይዋና ከሾፌሮቹ ጋር ስትውል አነጋገሯ የትልቅ ሰው ሆነ፤ ስለ ናፍጣ እጥረት አስተያየት ትሰጥ ነበር። ለፋሲካ የአንድ ኦፕሬተር ልጆች አባታቸውን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ ግን ገመድ ዝላይ ላይ ተራ መጠበቅ አቃታት። አዋቂዎች ሁልጊዜ ስለሚለቁላት ተሸንፎ መቆየት ምን እንደ ሆነ የምትማርበት ቦታ አልነበራትም። ይህን ደግሞ የቱንም ያህል መጽሐፍ ብናሳትም በቤት ልንሰጣት የምንችለው ነገር አልነበረም።

ሦስተኛውን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ወንዶች ስለምንበዛ ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። «በቤታችን እናስተምራለን» ስንል የሚያስተምረው ማን ነው? እኔ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥቼ ከምሽቱ 1 ሰዓት የምመለስ ሰው ነበርሁ። ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ደብተር ማየት ማስተማር አይባልም። አስተማሪዋ ባለቤቴ ነበረች፤ የቀረውም የእርሷ ደመወዝ፣ የእርሷ የሥራ ዕድገትና የእርሷ የጡረታ መዋጮ ነው። የቤት ትምህርት ያለ ክፍያ ይሰጣል የሚል ባልደረባ ካለ፣ ሒሳቡን የሠራው አንዱን የወጪ መስመር ዘልሎ እንደ ሆነ ልነግረው እወዳለሁ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ልጃችንን ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ወሰድናት። ርእሰ መምህሩ በአክብሮት ተቀበሉን፤ ነገር ግን በቤት የተማረችበትን የሚያሳይ ካርድ ስላልነበራት፣ ቋንቋውንም ስለማታውቅ 1ኛ ክፍል እንድትገባ ወሰኑ። በክፍሉ ውስጥ 74 ልጆች ነበሩ፤ በአንድ ወንበር ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። መምህሯ በስብሰባ ምክንያት የማይገቡበት ቀን ጥቂት አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጅቱ ምንም ሳይገባት ቁጭ ብላ ትመለስ ነበር፤ እናቷም አንድ ሁለት ቀን አልቅሳለች። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ግን የልጆቹን ጨዋታ ሁሉ በቋንቋቸው ተጫወተች፤ በሰኔም በቁቤ የተጻፈ ታሪክ ታነብ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይም ለእናቷ ታስተረጕም ነበር። ከሒሳብ በኩል አዲስ ነገር ብዙ አላገኘችም። ያገኘችው ሌላ ቋንቋና 73 የሚያህሉ የክፍል ጓደኞች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው በፈረቃ ነበር፤ ይኸውም አንዱን ሳምንት ጧት፣ አንዱን ሳምንት ከሰዓት በኋላ። ፈረቃ የመማሪያ ክፍል እጥረት የወለደው አሠራር ነውና የሚያስመሰግን አይደለም። ነገር ግን ፈረቃ ባለበት ሁሉ ልጁ የቀኑን ግማሽ በቤት ይውላል። በመንግሥት ትምህርት ቤትና በቤት መካከል ምርጫ ያለ አድርገን ስንከራከር፣ ልጆቹ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ቀን እየወሰዱ ነው፤ ጥያቄው በቤት የሚያልፈው ግማሽ ቀን በምን ይሞላል የሚለው ብቻ ነው። እኛም አማርኛ ንባቡንና ተጨማሪውን ሒሳብ ወደዚያ ግማሽ ቀን አዛወርነው። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ማታ ቀያሹ ይፈትናታል፤ እናቷ በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት እንድትሆን ተወስኗል። ባለቤቴ ወደ ሥራዋ ለመመለስ ግን ሌላ አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረባት፤ ግማሽ ቀን የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት በዚያ ከተማ አልተገኘምና።

ልጃችን ተመዝጋቢ ከሆነች በኋላ በወላጆችና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ መገኘት ጀመርሁ። በመጀመሪያው ስብሰባ የቀረበው አቤቱታ ዝናም በዘነበ ቁጥር ጎርፍ ከግቢው በላይ ካለው ዳገት ወርዶ ሁለት ክፍሎችን እንደሚያጥለቀልቅና በዚያን ቀን ትምህርት እንደማይኖር የሚገልጽ ነበር። ወላጆቹ ነገሩን የዝናሙ ሥራ አድርገው ተቀብለውታል። ለእኔ ግን የ60 ሜትር የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ጉዳይ ነበር። የፕሮጀክቱን ኃላፊዎች አስፈቅደን አንድ እሑድ በግሬደር ሜዳውን ደለደልን፤ ቦዩን ወላጆቹ በእጃቸው ቆፈሩት። በክረምቱ መግቢያ ክፍሎቹ ደርቀው ዋሉ። ልጄ በቤት ትማር በነበረበት ዓመት ከዚያ ትምህርት ቤት አጥር ሥር በመኪና በየቀኑ አልፍ ነበር፤ ጎርፉን ግን የሚያሳየኝ አልነበረም። ልጁን ያወጣ ወላጅ ዓይኑንም አብሮ ያወጣል። ከአንድ ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት መሐንዲሱ፣ ሐኪሙና የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ልጆቻቸውን ቢያወጡ፣ የቀሩት ወላጆች ልጆቻቸውን መውደድ አያንሳቸውም፤ የሚያንሳቸው ወረዳው ድረስ ሄዶ መጽሐፉ ለምን አልመጣም ብሎ መጠየቅ የለመደ ሰው ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን አሳቤን በሰማ ጊዜ «ልጄ የአንድ ትምህርት ቤት መጠገኛ ድንጋይ አይደለም» ብሎኛል። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ጸጥታ በደፈረሰበት አካባቢ፣ ልጁ በእግሩ ሁለት ሰዓት መጓዝ ግድ በሚሆንበት ቦታ፣ ወይም መስማት ለተሳነው ልጅ በምልክት ቋንቋ የሚያስተምር መምህር በማይገኝበት ትምህርት ቤት፣ ወላጅ በቤቱ ቢያስተምር እኔ የምወቅስበት ምክንያት የለኝም። እንዲህ ላለው ባልደረባ የምለው ሁለት ነገር ነው። ልጁን በአንድ በታወቀ ትምህርት ቤት መዝገብ ሥር የሚይዝበትን መንገድ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲደርስ የወላጅ ቃል እንደ ካርድ አይቆጠርም። ሌላው፣ የእኔን ልጅ እርሱ፣ የእርሱን ልጅ እኔ እንፈትን። የሚያስከትለው ወጪ ቡና ብቻ ነው።

ልጁን ማስገባት የሚችል ግን ያስገባ ባይ ነኝ። ይህን ስል 3.3 የሚለውን ቍጥር ረስቼ አይደለም፤ ቍጥሩን የሚያሻሽለው ከውጭ ሆኖ የሚያዝን ሰው እንዳልሆነ ስላየሁ ነው።

በመጨረሻ አንድ የሥራ አሳብ አቀርባለሁ። በመንገድ ሥራ ውል ሰነዶቻችን የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ የተቆጣጣሪው መሐንዲስ መኖሪያ፣ ቢሮ፣ ላቦራቶሪና ተሽከርካሪ እስከ ወንበሩና እስከ ማቀዝቀዣው ድረስ በዝርዝር ይሰፍራሉ። እኔ ባየኋቸው ሰነዶች ሁሉ ለልጆች ማንበቢያ የሚሆን አንድ ክፍል አላጋጠመኝም። 6 በ8 ሜትር የሆነ፣ ጠረጴዛና የመጽሐፍ መደርደሪያ ያለው፣ በሩም በካምፑ አጥር ላይ ወደ ውጭ የሚከፈት አንድ ክፍል በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ቢገባ፣ የሠራተኛው ልጅና የአካባቢው ልጅ በፈረቃው ተራ ግማሽ ቀን የሚቀመጡበት ቦታ ይገኝ ነበር። ፕሮጀክቱ ሲያልቅና ካምፑ ሲፈርስ ደግሞ ክፍሉ ከነዕቃው ለትምህርት ቤቱ እንዲተላለፍ በውሉ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ይበቃል። የወለሉን ንድፍና የወጪ ግምቱን ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ፤ ቅጂውን የሚፈልግ አባል ከስብሰባው በኋላ ከእኔ መውሰድ ይችላል።